መቶ ሃምሳ ዓሣ በአንድ ሮቶ፦ ለምን አለቁ? እንዴትስ እንደገና ይጀመር?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። 6 በ10 ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ግሪንሃውስ አለን። ተማሪዎቹ 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ 2 ካሬ ሜትር የጠጠር መደብና አንድ ፓምፕ ገጣጥመው አኳፖኒክስ፣ ማለትም የዓሣው ውኃ ጠጠር ላይ የተተከለ ሰላጣ የሚመግብበትን ሥርዓት፣ ጀመሩ። ሮቶውን በቧንቧ ውኃ ሞልተን ሁለት ቀን ካሳደርን በኋላ 150 የቆሮሶ (የቲላፒያ) ጫጩት ከተትን። ተማሪዎቹ በየተራ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ እፍኝ መኖ ይሰጣሉ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ዓሣዎቹ መሞት ያዙ። በየጠዋቱ ግማሹን ውኃ ብንቀይርም አልቆመም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 11 ብቻ ቀሩ። ሰላጣውም ቢጫ ሆኗል። መድኃኒት አለው? ዩሪያ ብንጨምር ሰላጣው ያገግማል? ቆሮሶውን በአምባዛ ብንተካስ? ወሩ ኅዳር ቢሆንም ግሪንሃውስ ውስጥ ስለሆኑ ብርድ አይነካቸውም ብለን ነበር።

ምላሽ፦ ዓሣዎቻችሁን የገደለው በሽታ ሳይሆን ውኃው ነው። በሽታ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ቁስል፣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም የተበላ ክንፍ ባያችሁ ነበር። የገለጻችሁት አዲስ በተሞላ ውኃ ውስጥ ብዙ ዓሣ በአንዴ ሲገባ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን የሚጀምረውን እልቂት ነው። ስለዚህ መድኃኒት አትግዙ። አንቲባዮቲክ ለሥራው የምትፈልጓቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ የመዳብ ሰልፌት ደግሞ ዕፅዋቱንም ዓሣውንም ይመርዛል።

ነገሩ በቁጥር እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ 32 በመቶ የሆነ 100 ግራም መኖ ዓሣ ሲበላውም ሆነ ሳይበላ ሲበሰብስ 3 ግራም የሚጠጋ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣዋል። ይህ በ1000 ሊትር ውኃ ውስጥ በሊትር 3 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ሦስት እፍኝ መኖ ወደ 100 ግራም ይጠጋል፤ ስለዚህ በአራት ቀን ውስጥ ውኃው በሊትር 10 ሚሊ ግራም አካባቢ አሞኒያ ተሸክሟል። ዓሣ በምቾት የሚኖረው ከ1 በታች ሲሆን ነው። ጫጩቶቹ እያንዳንዳቸው 3 ግራም ቢመዝኑ ድምራቸው 450 ግራም ነው፤ በዚያ ዕድሜ በቀን የክብደታቸውን 5 በመቶ ያህል ስለሚበሉ የሚያስፈልጋቸው 22 ግራም ብቻ ነበር። የቀረው ጠጠሩ ሥር ገብቶ በስብሷል። ተማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ለዓሣዎቹ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሚዛን ስላልነበራቸው ነው። ከእንግዲህ መኖ በእፍኝ አይሰጥ፤ በቤተ ሙከራ ሚዛን ተመዝኖ በትንሽ ብልቃጥ ይቀመጥና የዕለቱ ተረኛ እሱን ብቻ ይስጥ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ በወንፊት ይውጣ።

የአሞኒያ መርዛማነት ደግሞ በፒኤች፣ ማለትም በውኃው የአሲድነት መለኪያ፣ ይወሰናል። 22 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤች 7 ሲሆን ከአሞኒያው መርዛማ የሆነው ክፍል ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ግን ከ4 በመቶ ያልፋል፤ አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። አንዱ ክበብ ተሳክቶለት ሌላው በዚያው መጠን መኖ ዓሣ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ውኃው ኩልል ብሎ እያለ ዓሣው ያልቃል።

በየጠዋቱ ውኃ መቀየራችሁ አሞኒያውን በግማሽ ቀንሶታል፤ ነገር ግን የባሰ ነገር ሳያስገባ አልቀረም። የመጀመሪያውን ውኃ ሁለት ቀን አሳድራችሁታል፤ የኋለኛውን ግን ከቧንቧ በቀጥታ ጨምራችሁ ይሆናል። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ (መተንፈሻውን) ያቃጥላል፤ ጠጠሩ ላይ ገና መኖር የጀመሩትንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። በየቀኑ ሲጨመር ሥርዓቱ በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። የጠዋት የቧንቧ ውኃ ቅዝቃዜም ተጨማሪ ድንጋጤ ነው። ውኃ ማሳደር ሲባልም ክዳኑ በተዘጋ ሮቶ ውስጥ ማስቀመጥ አይደለም፤ ክሎሪን የሚወጣው በክፍት አፍ ነው። ክዳኑን አንስታችሁ በአየር ፓምፕ 24 ሰዓት አናፍሱት፤ ፓምፕ ከሌለ 48 ሰዓት ይቆይ። አንድ 200 ሊትር በርሜል ለዚህ ብቻ ይመደብ፤ ወደ ዓሣው የሚገባ ውኃ ሁሉ በእሱ በኩል ይለፍ።

የተረፉትን 11 ዓሣዎች ዛሬውኑ ወደ ሌላ በርሜል አውጧቸው። 200 ሊትር ያደረ ውኃ፣ 200 ግራም ጨውና የአየር ፓምፕ ይበቃቸዋል። ጨው የሚጨመረው ናይትራይት (ከአሞኒያ የሚመጣ ሌላ መርዝ) በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከላከል ነው። በሁለት ቀን አንዴ ቆንጠር ያለ መኖ ስጧቸው፤ በየሦስት ቀኑም 40 ሊትር ውኃ በዚያው መጠን ጨው (40 ግራም) ጨምራችሁ ቀይሩ። ትልቁ ሥርዓት እስኪደርስ እዚያ ይቆያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አኳፖኒክስ የሚጀመረው በዓሣ ሳይሆን በባክቴሪያ ነው። ጠጠሩ ላይ የሚሰፍሩ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ዓሣ ገዳይ ነው፤ ናይትሬት ግን ለሰላጣው ምግብ ነው፤ ዓሣውም በሊትር እስከ 150 ሚሊ ግራም ድረስ ይችለዋል። ባክቴሪያዎቹ የሚባዙት በዝግታ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በጎንደር ቅዝቃዜ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋሉ። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ዱቄት አለኝ የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ለመመርመሪያ ኪት አውሉት።

ዩሪያን የጠየቃችሁት ለሰላጣው ነው፤ ለእሱ አይሆንም፤ ዓሣ ባለበት ውኃ ውስጥ ዩሪያ መጨመር አሞኒያ መጨመር ነው። ዓሣ በሌለበት ጊዜ ግን ባክቴሪያዎቹን ለመቀለብ ከሁሉ ርካሹ መንገድ እሱ ነው። አካሄዱ ይህ ነው፦ ሮቶውን ባዶ አድርጋችሁ፣ ጠጠሩን ሳሙና በሌለው ውኃ አጥባችሁ፣ ያደረ ውኃ ሙሉ። 5 ግራም ዩሪያ በሚዛን መዝናችሁ በጆግ ውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩና ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሥራ። ዩሪያ ወደ አሞኒያ እስኪለወጥ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ምርመራው ዜሮ ሲያሳይ ደጋግመው ይጨምሩና በሁለተኛው ሳምንት አሞኒያው ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን እስኪያፍን ይከማቻል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ እንደገና ከ1 በታች ካልወረደ በቀር ሁለተኛ 5 ግራም አትጨምሩ። ቀጥሎ ናይትራይት ይወጣል፤ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆይና በመጨረሻ ይወድቃል። 5 ግራም ዩሪያ ጨምራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ ከወረዱና ናይትሬት ከታየ ውኃው ዓሣ ለመቀበል ደርሷል። ከዚያ በኋላ የዩሪያው ጆንያ ከግሪንሃውሱ ይውጣ፤ አንድ ተማሪ ለሰላጣው አስቦ አንድ እፍኝ ቢበትን ዓሣው ሁሉ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ያለ ምርመራ አይቻልም። ጠብታ የሚጨመርበት የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች ኪት ከመመርመሪያ ወረቀት ይሻላል። ከሌላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የባዮሎጂ ወይም የኬሚስትሪ ክፍል ጠይቁ፤ ለትምህርት ቤት ተማሪዎች የውኃ ናሙና መለካት ለእነሱም የሚያስደስት ሥራ ነው። ቁጥሩ በየሁለት ቀኑ ይለካና ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሠንጠረዥ ይጻፍ። እውነቱን ለመናገር ክበቡ ከዚህ ፕሮጀክት የሚያገኘው ትልቁ ትምህርት ያ ሦስት መስመር ያለው ግራፍ ነው፤ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ፣ ናይትራይቱ ሲወርድ ናይትሬቱ ሲወጣ ተማሪ በዓይኑ ያየዋል።

የዓሣው ብዛት የሚሰላው ከሮቶው ስፋት ሳይሆን ከመደቡ ነው። ቅጠል የሚበላባቸው አትክልቶች በካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ የሚያመነጨውን ምግብ ይጠቀማሉ። ያላችሁ 2 ካሬ ሜትር ስለሆነ ጣሪያችሁ በቀን 100 ግራም ነው። ያደገ ዓሣ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ይበላል፤ 100 ግራም መኖ ስለዚህ 5 ኪሎ ዓሣ ይመግባል፤ እያንዳንዱ 200 ግራም ሲደርስ 25 ዓሣ ማለት ነው። የሚሞት ስለሚኖር 30 ጫጩት አስገቡ። የእናንተ 150 ዓሣዎች ቢያድጉ ኖሮ 30 ኪሎ ሆነው በቀን 600 ግራም መኖና 12 ካሬ ሜትር መደብ ይጠይቁ ነበር። መደቡን ሳታሰፉ ዓሣውን አታብዙ።

መደቡን ማስፋት ስትፈልጉም አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስሉ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው 2 ካሬ ሜትር ጠጠር 240 ሊትር ያህል ውኃ በመካከሉ ይይዛል። መደቡ በሞላ ቁጥር ያ ውኃ ከዓሣው ላይ የተወሰደ ነው። 4 ካሬ ሜትር ሲሆን የሮቶው ግማሽ ሊጎድል ይቀርባል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ዓሣውም ይጨናነቃል። ያን ጊዜ ለብቻው የውኃ ማጠራቀሚያ በርሜል ያስፈልጋል። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ አሁን ያለው መደብ ውኃ ሲሞላ ከአንድ ቶን በላይ ነው፤ በእንጨት እግር ላይ ካቆማችሁት በብሎኬት ቀይሩት።

ጠጠሩ ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የጥቁር ድንጋይ ጠጠር ይሁን። ከመጠቀማችሁ በፊት ጥቂት ፍሬ ላይ አቼቶ አፍስሱበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት፤ ፒኤቹን ወደ ላይ ስለሚገፋ አይሆንም። ብናኙ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ እጠቡት። ውኃው መደቡን ሞልቶ በራሱ እንዲጎድል የሚያደርገው ሳይፈን ለጀማሪ ፈተና ነው፤ ፓምፑ ሲደክም ወይም ቱቦው ውስጥ ሥር ሲገባ መሳቡን ያቆማል፤ አለዚያም አንዴ ከጀመረ አይቆምም። እንዲህ አድርጉ፦ መደቡ መካከል የሚቆመው የፒቪሲ ቱቦ አፉ ከጠጠሩ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ግርጌው ላይ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ብሱ፤ ፓምፑን በሰዓት መቆጣጠሪያ 15 ደቂቃ አብሩ፣ 45 ደቂቃ አጥፉ። ሲሠራ ይሞላል፣ ሲቆም በቀዳዳው ይንጠባጠባል። በጠጠርና በቱቦው መካከል የተበሳሳ ሰፋ ያለ ቱቦ አቁሙ፤ ቀዳዳው ሲደፈን እጅ አስገብቶ መጥረግ የሚቻለው ያኔ ነው። ባክቴሪያ ስታራቡ ግን መቆጣጠሪያውን ተዉትና ፓምፑ ሳያቋርጥ ይሥራ።

ስለ ብርዱ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር ይበልጣል፤ ቆሮሶው የለመደው ጣና ደግሞ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተራ ፕላስቲክ ቀን ያሞቃል እንጂ ሌሊት ሙቀት አይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች የግሪንሃውሱ ውስጥ ወደ ንጋት ከደጁ ብዙም አይለይም። ቆሮሶ የሚፋፋው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከ20 በታች መብላት ይቀንሳል፤ ከ17 በታች ያቆማል፤ ከ12 በታች ይሞታል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንብቡት፤ የቀትሩ ንባብ ያታልላል። ከ20 በታች ከሆነ መኖውን በግማሽ ቀንሱ፤ ከ17 በታች ከሆነ ጨርሶ አትስጡ።

ማሞቂያ መግዛት አልመክርም። 1000 ሊትር ውኃን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ በየሌሊቱ የሚወርደውን አራት ዲግሪ ለመመለስ 4.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ደግሞ ውኃው በድንገት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ይልቅ የሮቶውን አንድ ሦስተኛ መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ ዙሪያውን በማዳበሪያ ከረጢት በታጨቀ ደረቅ ገለባ 20 ሳንቲ ሜትር አልብሱት፤ አፉን ማታ በፎም ክደኑት፤ አየር መግቢያ ግን ተዉለት። ብርድ በሚበረታበት ወር ፓምፑን ሌሊት ከጠጠሩ ጋር እምብዛም አታገናኙት፤ በሁለት ሰዓት አንዴ 15 ደቂቃ ይበቃል። ቀዝቃዛ ጠጠር ላይ የሚፈስ ውኃ በአንድ ሌሊት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ይበትነዋል። የአየር ፓምፑ ግን አይቋረጥ። በመጋቢትና በሚያዝያ ችግሩ ይገለበጣል፤ ጎኖቹን ካልገለጣችሁ የግሪንሃውሱን ሙቀት ሰላጣ አይችለውም፤ ቶሎ አብቦ ይመራል።

ከፍታው ኦክስጅንንም ይነካል። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እናንተ ዘንድ ከ7 ብዙ አያልፍም። ዓሣው ከ5 በላይ ይፈልጋል፤ ትርፋችሁ ትንሽ ነው። 5 ኪሎ ዓሣ ባለበት ሮቶ ውስጥ መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ከቆመ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። 12 ቮልት ባትሪ ላይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ። መብራት እስኪመጣ በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስም ይረዳል። መብራት በሌለበት ጊዜ መኖ አይሰጥ።

እዚህ ላይ የማልደራደርበት ማስጠንቀቂያ አለ። ውኃ፣ 220 ቮልትና እርጥብ እጅ ያላቸው ልጆች አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። መስመሩ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ የኧርዝ ሊኬጅ መቁረጫ (ኤሌክትሪክ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ መስመሩን የሚያቋርጥ) ሳይገጠምለትና ሶኬቱ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ሳይሰቀል አንድም ተማሪ አይግባ። እጅ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓምፑ ይነቀል።

አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል የኦክስጅን እጥረትን ይቋቋማል፤ በብርድ ግን እሱም በደንብ አያድግም፤ ችግራችሁም ኦክስጅን አልነበረም። እርስ በርሱ ይበላላል፤ ክዳን ካልጠበቀ ሌሊት ዘሎ ይወጣል። በጎንደር ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበላ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ተማሪው ያሳደገውን ወላጁ ካልበላው ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። ቆሮሶው ይቆይ። ጫጩቱን ባሕር ዳር ያለውን የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጠይቁ፤ በመረብ ከሐይቅ የተለቀመ ጫጩት ተጎድቶና ጥገኛ ይዞ ይመጣል። በኦክስጅን በተሞላ ከረጢት፣ አንድ ቀን ሳይመገብ፣ ማለዳ ይጓጓዝ። ስትደርሱ ከረጢቱን ሳትፈቱ 20 ደቂቃ ውኃው ላይ አንሳፍፉ። ከግሪንሃውሱ የተረፈ ዓሣም ወደ ወንዝ ወይም ወደ አንገረብ ግድብ አይለቀቅ።

የሰላጣው ቢጫነት ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በየትኛው ቅጠል እንደጀመረ ነው። ታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል አስቀድሞ ከገረጣ ናይትሮጅን አጥሮታል፤ በሁለት ሳምንት ዕድሜ ናይትሬት ስላልተፈጠረ የእናንተ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ባክቴሪያው ሲደርስ ይስተካከላል። ላይኛው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ያጠረው ብረት ነው፤ የዓሣ መኖ በቂ ብረት የለውም። ዲቲፒኤ ከሚባል ውህድ ጋር የተያያዘ፣ 6 በመቶ ብረት ያለው የብረት ማዳበሪያ ለ1000 ሊትር 33 ግራም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃል። በጊዜ ብዛት ፒኤቹ ከ6.5 በታች ሲወርድ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በጨርቅ ቋጥራችሁ ሮቶው ውስጥ አንጠልጥሉ። ለመጀመሪያው ዙር ሰላጣ፣ ቆስጣና በሶብላ ይብቃችሁ። ቲማቲምና ቃሪያ ብዙ ምግብ ስለሚፈልጉ ስድስት ወር ይቆዩ። ሰላጣ ጥሬ የሚበላ ስለሆነ የዓሣው ውኃ ቅጠሉን አይንካው፤ ፍግም በምንም መልክ አይግባ።

ምክሬ ይህ ነው። አሁን በኅዳር ዓሣ አትግዙ። እስከ ጥምቀት ድረስ መደቡን፣ ገለባውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን አስተካክሉ። በዓሉ እንዳለፈ በጥር አጋማሽ ባክቴሪያ ማራባት ጀምሩ፤ በመጋቢት አጋማሽ፣ ሌሊቱ ሲለዝብ፣ 30 ጫጩት ይግቡ። 200 ግራም ለመድረስ በዚህ ሙቀት አንድ ዓመት ያህል ይፈጃሉ፤ እስከዚያ ግን ሰላጣውን በየስድስት ሳምንቱ ታነሳላችሁ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ዓሣው ያለ ምግብ ጥቂት ቀን ይችላል፤ ያለ አየር ግን አንድ ሌሊት አይችልም። የግሪንሃውሱን ቁልፍ ይዞ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ፓምፑን የሚያይ ጥበቃ ወይም ሠራተኛ፣ ከአበሉ ጋር፣ በጽሑፍ ሳይመደብ ጫጩት አታዝዙ።